ለሙሉቀን፣ ስለ ስኳድራው

ጥር 14 ቀን። ማዕዘን የምትለካበት ስኳድራህ ጠማማ ነው።

ሙሌ፣ ከተለያየን ስምንት ወር አለፈ። በዚህ ወሬ መጀመሬ እንደማይጥምህ አውቃለሁ፤ አንተ ብትሆን አስቀድመህ ስለ ቤቱ ትጽፍ ነበር። ቤቱ ደኅና ነው። ልጃችን ሰላም ደብረ ማርቆስ ትምህርቷ ላይ ናት፤ መንገድ ሲከፈት ትመጣለች። የጓሮው ጌሾ ስለደረቀ ነቀልኩት። አጥሩ በመንገዱ በኩል ዘሞ ነበር፣ አቃንቼዋለሁ። ተዝካርህ በአርባኛው ቀን ወጥቷል፤ ከፍኖተ ሰላምም ከገጠርም የቀረ ሰው የለም። አልጋው ላይ የራሴን ጎን ትቼ መሀል መተኛት ጀምሬያለሁ።

አሁን ወደ ሥራ ቤቱ ልሂድ።

አራት ወር ሙሉ አልከፈትኩትም። ስከፍተው የሰርኩላር መጋዙ የብረት ጠረጴዛ ዝጎ ነበር። በላምባ አሸሁት። ወንድምህ አያ ቢተው በመስከረም ከጅጋ መጥተው ሳሸው አገኙኝና ማሽኑ ይሸጥ አሉ። ክፋት እንዳይመስልህ። ለጣቶቼ ፈርተው ነው። ሴት ሰርኩላር ላይ ቆማ ማየት እንደማይሆንላቸውም አልደበቁኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዲስኩ ማዶ ቆሜ አንተ የምትገፋውን ጣውላ ስቀበል እንደኖርኩ ነገርኳቸው። መቀበልና መግፋት አንድ አይደለም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እህሉ ከአውድማ እስኪገባ ድረስ ታግሠው፣ ከዚያ በኋላ ገዥ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኝ ሄዱ።

በኅዳር የቡሬው ጨርቅ ነጋዴ ሰይድ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ዘግይቶ ነው፣ መንገዱም አላስቻለውም። ሰይድን ታስታውሰዋለህ። ከሁለት ዓመት በፊት ለሱቁ የጨርቅ መደርደሪያ ሥራልኝ ብሎህ ነበር፤ ፊታቸው ክፍት የሆነ ሠላሳ ስድስት ሣጥን፣ ስድስት ወደ ላይ፣ ስድስት ወደ ጎን ተደርድሮ አንድ ግድግዳ የሚሞላ። እኔ ቫርኒሽ እየቀባሁ ነበር፣ መልስህን ሰምቻለሁ። «ዓይኔ አልቋል፣ እጄም ከድቶኛል። ሌላ ሰው ፈልግ» አልከው። የዚያን ቀን ራትህን አልበላህም።

ሌላ ሰው አላገኘም። የቀረበለትን ምግብ እየበላ በመስኮቱ ወደ ሥራ ቤቱ ሲያይ አየሁትና እኔ እሠራልሃለሁ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ተወ። እስከ ጥር መጨረሻ እንደሚጠብቀኝ፣ ግን ዘንበል ያለ ነገር ካመጣሁ እንደማይረከበኝ ነገረኝ። «ሣጥኖቹ አንድ ዓይነት ካልሆኑ መደርደሪያ አይባልም፣ ክምር ነው» አለ። ተስማማን። እኔ ግን ከሰይድ ቀን በፊት የአያ ቢተው ቀን ይደርስብኝ ነበር። ሥራ ይዤ ካላገኙኝ ማሽኑ ይሄዳል፤ ማሽኑ ከሄደ ሥራ ቤቱ የአንተን ልብስ ማስቀመጫ ይሆናል።

የአንተ እጅ እንደሌለኝ አውቃለሁ። አንተ ሙሉ ፕላይውድ ብቻህን ገፍተህ መስመር ሳትስት ታወጣ ነበር። እኔ ብገፋ መሀል ላይ ይዞርብኛል፣ ይነክሳል። ስለዚህ የእጅን ሥራ የሚሠራልኝ ዕቃ ያስፈልገኝ ነበር። ሰላም በመጣች ጊዜ ስልኳ ላይ አንድ ሰውዬ ሲሠራው አሳየችኝ። ቋንቋውን አልሰማሁም፣ እጁን ነው ያየሁት። እኔ ጋሪ ብዬዋለሁ። ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አሉት፤ ዘንጎቹ የሰርኩላሩ ጠረጴዛ ላይ ባሉት ሁለት ቦዮች ውስጥ ይሄዳሉ። ከላዩ አንድ ቀጥ ያለ መደገፊያ አለው። የምትቆርጠውን መደገፊያው ላይ ታስጠጋና ጋሪውን ትገፋለህ። እንጨቱ አይዞርም፣ ጋሪው ነው የሚሄደው። ዲስኩ ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን ይቆርጣል።

ለዘንጎቹ ጠንካራ እንጨት ፈለግሁ። አያ ቢተው ለማገዶ ብለው ጥለውልኝ ከሄዱት መሀል ከማረሻቸው የተሰበረ የወይራ ድግር ነበር። ሰነጠቅሁት። ቦዩ ውስጥ ጠበቀ፣ ላግሁት፤ ላላ፣ ጣልኩት። በሦስተኛው ቀን ልክ ሆነ። ሻማ አሸሁበት። ወደ ፊት እንደ ውኃ ይሄዳል፣ ወደ ጎን አይነቃነቅም።

መደገፊያውን በስኳድራህ ለክቼ አሰርኩት። በሌላ በምን እለካዋለሁ? ሥራ ያስተማሩህ አለቃህ የሰጡህ ብረት ነው። ማዕዘን ሁሉ ከእሱ ነው የሚነሣው ትል ነበር። ከአንተ በቀር የሚነካው አልነበረም፤ ሰላም በሕፃንነቷ ብታነሣው ተቆጥተህ አስለቅሰሃታል።

ሦስት ሣጥን ሠራሁ። ለየብቻቸው ሲታዩ ያምራሉ። ስደረድራቸው ሦስተኛው ከግድግዳው ሸሸ። ዘንጎቹ ናቸው ብዬ አዲስ ዘንግ ላግሁ፤ ሦስት ሣጥን ጨመርኩ። ሸሸ። መብራት በየመሀሉ እየሄደ ስለነበር በተቆራረጠ ሥራ እጄ ስቶ ነው አልኩ። መብራት ሙሉ ቀን የዋለ ዕለት እንደገና ሠራሁ። ያው ነው። ሁለት ሙሉ ፕላይውድ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የመጋዝ ዱቄቱ ላይ ተቀምጬ አያ ቢተው ልክ ናቸው አልኩ። ማሽኑን ማን ይገዛው ይሆን ብዬም አሰብኩ። ከዚያ ተነሥቼ ጠረግሁ።

በማግሥቱ የሰላምን ቪዲዮ ድጋሚ እስከ መጨረሻው አየሁት። ሰውዬው ጋሪውን የሚፈትንበት መንገድ ነበረው፣ መጀመሪያ ዘልዬው ነበር። አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ፕላይውድ ወስደህ አንዱን ጎን ትቆርጣለህ። የተቆረጠውን ጎን ወደ መደገፊያው አዙረህ ሁለተኛውን ትቆርጣለህ፤ እንዲሁ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። በአምስተኛው የመጀመሪያውን ጎን መልሰህ ትቆርጥና የሚወጣውን ቀጭን ቁራጭ በሁለቱም ጫፍ ትለካለህ። ጋሪው ልክ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች እኩል ናቸው። ካልሆነ ስሕተቱ በየዙሩ እየተደመረ አራት እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ዓይን የማያየውን አሳድጎ ያሳይሃል።

አንዱ ጫፍ አሥራ ሁለት ሚሊ፣ ሌላው ስምንት። ልዩነቱን ለአራት ስታካፍለው በአንድ ክንድ ርዝመት አንድ ሚሊ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ዘንጎቹ ልክ ናቸው። ዲስኩ ቀጥ ያለ ነው። የቀረው የታሰረበት ማዕዘን ነው። ስኳድራውን ቀጥ ካለ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ አስጠግቼ በእርሳስ አሰመርኩ። ገልብጬ ከዚያው ነጥብ ላይ እንደገና አሰመርኩ። ልክ ቢሆን ሁለቱ መስመሮች አንድ ይሆኑ ነበር። እንደ ተከፈተ መቀስ ተለያዩ።

ቆሜ መስመሮቹን ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያን ልነግርህ ነው።

ስኳድራውን የጣልኩት እኔ ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ። አንተ ደምበጫ በር ልትገጥም ሄደህ ነበር። ሥራ ቤቱን ልጠርግልህ ገባሁ፤ የመጥረጊያው እጀታ ነካውና ከግድግዳው ወደቀ። ጥጉ የሰርኩላሩን የብረት እግር መትቶ መሬት ደረሰ። አገላብጬ አየሁት፣ አልተሰበረም። በቀሚሴ ጠርጌ መልሼ ሰቀልኩት። ስትመጣ አልነገርኩህም። ቁጣህን ፈራሁ። ከዚያ ቀኑ አለፈ፣ ከዚያ ረሳሁት።

የሠራኸው በር መሬት መፋቅ የጀመረው ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ነው። መላጊያህን ይዘህ በየሰው ቤት እየተመለስክ ታስተካክል ነበር። መጀመሪያ በለሳኙ አመካኘህ፣ ቀጥሎ በእርጥብ እንጨት፣ በመጨረሻ በራስህ። ቁም ሣጥን መሥራት ተውክ። አልጋና አግዳሚ ወንበር ብቻ ሆነ ሥራህ። ሃምሳ ሁለት ዓመትህ ነበር። እጅህን እያየህ ዝም ብለህ ስትቀመጥ እርጅና ነው ብዬ አጽናንቼሃለሁ።

እጅህ አልከዳህም ሙሌ። የታዘዘውን ነው የሠራው።

አንተም ከጥፋት ነጻ አይደለህም። የሌላውን ሰው ስኳድራ ሁሉ እየገለበጥክ ትፈትን ነበር፣ የራስህን አንድ ቀን አልገለበጥከውም። የአለቃህ ስለሆነ። ቢወድቅ እንኳ የማይነገርበት ዕቃ ያደረግኸው አንተ ነህ። ይህን የምለው ጥፋቴን ላካፍልህ አይደለም፤ ድርሻዬን አውቃለሁ። ያንተንም ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ሁለት ቀን ምንም አልሠራሁም። በሦስተኛው ቀን መደገፊያውን በአንድ ብሎን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ጫፍ አላላሁና ገፋሁት። አምስቱን ቆረጥሁ። ልዩነቱ ከአራት ወደ ስምንት ዘለለ፤ በተሳሳተ በኩል ነበር የገፋሁት። የሄድኩትን ያህል መልሼ ያንኑ ያህል ጨመርኩ። ግማሽ ሚሊ ቀረ። ከሰላም አሮጌ ደብተር ወረቀት ቀድጄ አጥፌ ከመደገፊያው ጀርባ ሸጎጥኩ። ቆረጥሁ። አንድ እጥፍ ቀነስኩ። ቆረጥሁ። ሜትሩ ልዩነት አጣ። ብሎኑን ሁሉ አጠበቅሁና ማንም እንዳይነካው ሳይሆን ማንም ቢነካው እንዲታወቅ መደገፊያው ያለበትን ቦታ በእርሳስ አሰመርኩበት። ስኳድራህን አልጣልኩትም። እንዳይለካበት ቀይ ቀለም ቀብቼ ቦታው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አያ ቢተው ባለፈው ቅዳሜ መጡ፤ እህሉ ገብቷል። አንድ ገዥ አብሯቸው ነበር። በታረመው ጋሪ እንደ አዲስ የሠራኋቸውን ሣጥኖች ግቢው ውስጥ ስድስት ከፍታ ደርድሬ፣ ቀጥታቸው እንዲታይ ከላይ ቱምቢ፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ፣ ሰቅዬ ነበር። አያ ቢተው ገመዱን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ተከተሉ። ጎንበስ ብለው በገመዱና በሣጥኖቹ መሀል ያለውን ክፍተት በጣታቸውም ለኩት፤ ከላይ አንድ ጣት፣ ከታች አንድ ጣት። ሰውየው ማሽኑ የቱ ነው ብሎ ጠየቀ።

እኔ ግን ማሽኑን ትቼ ስለ ስኳድራው ነገርኳቸው። ለምን በዚያች ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ሰው መኖሩንም ረሳሁ። መጣሌን፣ መደበቄን፣ አንተ እጄ ከዳኝ እያልክ መኖርህን፣ ሁሉንም። አያ ቢተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አውድማዬ ላይ መጥቶ ይህንኑ ነግሮኛል» አሉ። «ቢተው፣ እጄ ሞተ አለኝ። እኔም ሽማግሌ ሆነሃል ብዬ ሳቅሁበት።»

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

«እኔን ምን ታደርጊኛለሽ። ለሱ ንገሪው።»

ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሩ። «ማሽኑ ሥራ ላይ ነው፤ በከንቱ አደከምኩህ» አሉት። ሰውየው ተቆጣ፣ ከጅጋ ድረስ አስመጥተውኝ አለ። አያ ቢተው የመመለሻ ትራንስፖርቱን እንደሚችሉ ነግረው በር ድረስ ሸኙት። ሲመለሱ እጅጌዬ ሰፊ መሆኑን አይተው ከዲስኩ አጠገብ ስቆም እንድሰበስበው አዘዙኝ። ሌላ ምርቃት አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም።

እንግዲህ ነገርኩህ። ስምንት ወር ዘግይቶ ሳይሆን ስድስት ዓመት ዘግይቶ ነው። በጊዜው ብነግርህ ግማሽ ቀን ትቆጣ ነበር፤ ከዚያ ብረቱን በመዶሻ መትተህ ታቃናው ነበር። የሰይድንም ግድግዳ አንተ ትሠራው ነበር።

እንደማልረሳህ በመሐላ አልጽፍልህም። ከእንግዲህ ግን አንድ ዕቃ ከእጄ ቢወድቅ በዚያው ቀን ለባለቤቱ እናገራለሁ። አንተን የማስበው እንደዚያ እያደረግሁ ነው።

አይሱዙው በር ላይ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ሠላሳ ስድስቱም ተጭነዋል፣ ብርድ ልብስ በየመሀላቸው ሸጉጠናል። የሰይድ ሱቅ ወለል ልክ መሆኑን ገና አላየሁም፤ ውኃ ልክ ደግሞ ከጎረቤት መዋስ አለብኝ። ሹፌሩ ሳይመሽ ቡሬ ካልደረስኩ ይላል። ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም። ወጣሁ።