ሃያ ስምንት ቀን በሀጂራ ስም

ነሐሴ 5 ቀን 2012 ዓ.ም.
ደስማ፣ ኩዌት

ለማከብርዎት እናት፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ክረምቱስ አልከበደዎትም? ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጤና አለሁ። ይህን ወረቀት የምታነብልዎት ሰኪና እዚህ ደስማ ከእኔ ጋር በአንድ ሰፈር የሠራች ልጅ ናት። አውሮፕላኑ ሲከፈት ወደ አገሯ ስለገባች በእጇ ላክሁልዎት። ቁጭ ብለው፣ ሰው አጠገብዎ ባለበት እንድታነብልዎት አደራ ብያታለሁ።

በስልክ «አንቺ» ስልዎት ከርሜ ዛሬ «እርስዎ» ማለቴ ይገርምዎት ይሆናል። እኔ ሀጂራ አይደለሁም። ሀጂራ ከዒድ በኋላ በስድስተኛው ቀን አርፋለች። አላህ ያጽናዎት፣ እናቴ።

እኔና እሷ የተዋወቅነው ኮሮና ይዞን አንድ ክፍል ስንተኛ ነው። እሷ ሳልዋ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ደስማ፣ ሁለታችንም ሰው ቤት ሠራተኞች ነን። የሚያክመን ዶክተር ኢዘዲን የሚባል ሱዳናዊ ነበር። እያከመን በዚያው ስለ አንድ አዲስ መድኃኒት ጥናት ያደርጋል። ለሀጂራ ወረቀት አምጥቶ ቀስ ብሎ በዓረብኛ አስረዳት። ለግማሹ በሽተኛ እውነተኛው ክኒን፣ ለግማሹ ምንም የሌለበት ክኒን ይሰጣል፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ እሱ ራሱ አያውቅም። «እምቢ ብትዪም ሐኪምሽ ነኝ፤ ሕክምናሽ አይጓደልም» አላት። እሷም ሳቅ ብላ «ለሌላ ሰው ልጅ ከጠቀመ ይሁን» አለችና ፈረመች።

ተሽሏችኋል ብለው ሁለታችንንም ወደ ለይቶ ማቆያ አዛወሩን። እዚያ በአራተኛው ቀን ትንፋሿ አጠረ። አምቡላንስ ሊወስዳት ሲል ስልኳን መዳፌ ላይ አድርጋ «እማ ከደወለች ደህና ናት በያት» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን የሳልዋ አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ ደወለች። ሻንጣዋን ለማን እንስጠው ብላ ነው የጠየቀችኝ። ሀጂራ ሞታ ተቀብራ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት እርስዎ ደወሉ። «ሀጂራ፣ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። «አዎ፣ እማ» አልኩ። ከየት እንደወጣ አላውቅም። ድምፅሽ ምነው ሲሉኝ፣ ጉሮሮዬን አሞኝ ነው አልኩ።

ገና ስልኩን ከእጄ ሳላስቀምጥ ዶክተሩ ደወለ። የሞተችበት ሆስፒታል ሌላ ስለሆነ እሱ አልሰማም። «ሀጂራ?» አለ። አሁንም አዎ አልኩ። ትኩሳት አለሽ? የለም። ሳልስ? ቀንሷል። ማሽተትስ? ሀጂራ ታማ ሳለች ሽታ እንደማይሸታት አውቅ ስለነበር፣ ገና ነው አልኩት። እኔ ሽታ ጠፍቶብኝ አያውቅም ነበር። በማግስቱ ልብስ ሳጥብ ግን በረኪናውን አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ብስበው፣ ብስበው፣ ምንም።

ዶክተሩ በየሦስት ቀኑ ይደውላል፤ በየሦስት ቀኑ ሀጂራ እየዳነች ትሄዳለች። እርስዎም አንድ ቀን «ያ ጠባሳሽ ያምሻል?» አሉኝ። «የግራ ጉልበቴን ነው እማ? እዚህ ብርድ የለም፣ አያመኝም» አልኩ። ከዘጋሁት በኋላ ነው የደነገጥኩት። ሀጂራ ስለ ጠባሳ አንድም ቀን አጫውታኝ አታውቅም። በትኩሳቷ ስትቃዥ ሰምቼ ይሆናል። እንጃ።

ሀጂራ ክኒኑን በጀመረች በሃያ ስምንተኛው ቀን ዶክተሩ ለመጨረሻው የደም ምርመራ ነዪ አለኝ። ብቀር ይደርሱብኛል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ እኔ ከቀረሁ ሀጂራ የምትሞት መሰለኝ። መታወቂያዋ በስልኩ ሽፋን ውስጥ ነበር። ነርሷ መታወቂያውን አየች፣ ከማስኩ በላይ ዓይኔን አየች፣ ከዚያ ብልቃጡ ላይ «ሀጂራ» ብላ ጻፈች። እጄን ዘረጋሁላት።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ አስጠራኝ። በሩን ዘግቶ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረ። «ይህ ሆስፒታል ስትገቢ የተወሰደ ደም ነው፤ ይህ ያሁኑ። የሰው የደም ዓይነት አይለወጥም» አለ። ቀጥሎ ዝግ ባለ ድምፅ «አንቺ ማን ነሽ?» አለኝ።

ማስኬን አወረድኩ። ስሜን ልናገር አፌን ስከፍት ስሜ ጠፋብኝ። ቆይቶ ነው የመጣልኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ መነጽሩን አወለቀ። «ድናለች ብዬ ጽፌ ነበር። ይህን አምነው ለስንቱ በሽተኛ ያንን ክኒን ይሰጡት ነበር?» አለ። ደግሞም «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ሐኪሟ ነበርኩ፤ ድምጿን ግን አልለየሁትም። የምሰማው መልሱን ብቻ ነበር» አለኝ። እፊቴ «ድናለች» የሚለውን ሰርዞ የሞተችበትን ቀን ጻፈና ፈረመበት። «እኔ የኔን አርሜያለሁ። ለእናቷ አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ።

ስመለስ በአሠሪዎቼ መኪና ውስጥ ሹፌራቸው ለማዳም የገዛው ዓሣ ሸተተኝ። አለቀስኩ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። በደወሉ ቁጥር ልነግርዎት እጀምርና «እማ» ከምትለው ቃል አላልፍም። ስልኳን፣ መታወቂያዋንና ሻሿን ሰኪና ታስረክብዎታለች። የተቀበረችው ሱለይቢኻት ነው። ዶክተሩ ጠያይቆ ያገኘልኝን የመቃብሯን ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ።

አላህ ለሀጂራ ጀነትን ይወፍቃት፤ ለእርስዎም ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥዎት፣ የቀሩትን ልጆችዎን ያቁምልዎት። ቢረግሙኝ አይፈረድብዎትም።

ለአረፋ ዕለት ጥያቄዎ መልስ ሳልሰጥ ቀርቻለሁ። ልንሰነባበት ስንል «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ እናትሽ ማን ትባላለች?» አሉኝ። ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት። ይሰማ ነበር።

እናቴ ወይንሸት ትባል ነበር። የሞተችብኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው።

አጠገቧ የተኛችው