ራሷን ማስተዳደር ያቆመችው አይሮፕላን

ጋምቤላ፣ ጥር 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ጅማ ለምትማሪው ለልጅ ልጄ ለሚስኪ፤ ሰላምታዬ ከባሮ ውሃ ይብዛልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

የሚከተለውን ቆመሽ አንብቢ። ክልላችን ራሱን ማስተዳደር በጀመረ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ከተለቀቀች በኋላ እንዳሻት ስትበር የኖረችው የሸምበቆ አይሮፕላንሽ ራሷን ማስተዳደር አቁማለች። ከአሮጌ ሬዲዮ በፈታሁት ዕቃ ከሩቅ የማዝበት መሣሪያ ሠራሁላት፤ ቁልፉን ስጫን ጭራዋ ይታጠፋል።

መጀመሪያ ቀዩንና አረንጓዴውን ሽቦ አምታትቼ ነበር። የዘንድሮ ሽቦ ቀለሙ ሁሉ አንድ ነው። ስበይድ ደግሞ ጎረቤታችን ኦኬሎ አጠገቤ ቆሞ፣ «ፈረጅ፣ የምታቃጥለው ሽቦውን ነው ጣትህን?» ይለኛል። ዓሣ አጥማጅ ስለ ሬዲዮ ምን ያውቃል።

ቅዳሜ ባሮ ዳር ለቀቅናት። ወንዙን ልትሻገር ስትል ቁልፉን ተጫንኩ፤ ክንፏን ዘንበል አድርጋ እንደ ጨዋ ልጅ ስትመለስ በዓይኔ አየሁ።

ስትጽፊልኝ ፊደሉን አተልቂው፤ ወረቀት ቢያልቅብሽ እልክልሻለሁ። አላህ ለመተያየት ያብቃን፤ ቶሎ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አያትሽ ፈረጅ

ከላይ ከጻፍኩት አንዱን ፈጥሬዋለሁ። ስትመለስ በዓይኔ አላየሁም። ያየው ኦኬሎ ነው፤ እኔ ቁልፉን የተጫንኩት እሱ «አሁን» ሲለኝ ነው።