ሁላችሁም አንድ ቦታ ተነፈሳችሁ

ደባርቅ፣ ሰኔ 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስጦታ ደምለው፣
ካርቱም።

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ደጋ ያደገ ሰው እዚያ እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው ሳስበው ይጨንቀኛል። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጉልበቴ ይለግምብኛል እንጂ ሌላ የሚነገር በሽታ የለብኝም። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ ጀመረ። ሊማሊሞ ላይ ጉሙ ስለሚወርድ መኪናው በእኩለ ቀን መብራት አብርቶ ነው የሚሄደው።

ደብዳቤሽን የዛሪማው ነጋዴ አለነ ከጨርቅ ጥቅል ውስጥ አውጥቶ ሰጠኝ። የምትሠሪላቸው ሴትዮ የነርሶች ትምህርት ቤት ሊያስገቡሽ ማሰባቸውን ሳነብ ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤታችን ውቢት ደንግጣ በአጥሩ ብቅ አለችና «ምነው መምህር፣ ምን ነካዎት?» አለችኝ። ወንድ እልል ሲል ሰምታ አታውቅማ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ቁጭ አልኩ። «አባባ፣ መግቢያው የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ነው። ስለ ደስታና ስለ ሐዘን ሙዚቃ ይጠይቃሉ አሉኝ። እንደሚያውቁት አንደበቴ ከንቱ ነው፤ ጎንደርም ሸምድጄ መናገሬን አስነቅቶ የጣለኝ እሱ ነው። ያኔ ያስጠኑኝን መልስ ጽፈው ይላኩልኝ» ብለሻል።

አልልክልሽም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የደበቅኩሽ ነገር ነው።

እንግሊዝኛ አስተማሪ ከመሆኔ በፊት የቆሎ ተማሪ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። የኔታ ዘንድ ዳዊት ስንደግም አንዲት ቃል የለወጠ አለንጋ ያርፍበት ነበር። ዐሥር ልጅ በአንድ አፍ ሲል ግን የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ይሉ ነበር። ለእኔ ትምህርት ማለት እስከ ዛሬም ያ ነው። ስለዚህ ከእናንተ በፊት በነበረው ዓመት የመግቢያውን የቃል ፈተና ጎንደር የተፈተነ ልጅ ጥያቄውን ሲነግረኝ ዐሥራ ሁለታችሁን ተፈታኞች ሰበሰብኩና አንድ መልስ ሰጠኋችሁ። «ደስ ሲለኝ የደስታ ሙዚቃ እሰማለሁ። ሲከፋኝም የደስታ ሙዚቃ እሰማለሁ፤ ምክንያቱም ሐዘኔን ያስረሳኛል።» «ምክንያቱም» ካላችሁ በኋላ ትንፋሽ ውሰዱ ብዬ እሱን እንኳ ሳይቀር አስጠናኋችሁ።

አንቺ እምቢ ብለሽኝ ነበር። እናትሽ አበባየሁ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ሬዲዮናችን እንደተሸፈነ ነበር። «አባባ፣ ይሄ ለእኔ ውሸት ነው» አልሽኝ። «እትዬ ወለተ ማርያም እናቴን እያነሡ ሙሾ ሲያወርዱ ነው ቅልል ያለኝ። ሰርግ ቤት ከበሮ ስሰማ ግን እሷ ስትጨፍር ትታየኝና አለቅሳለሁ። ይሄንን ብላቸው ምን አለበት?» ይህንኑ በተሰባበረ እንግሊዝኛሽ አራት መስመር ጽፈሽ አመጣሽልኝ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። «ፈተና ላይ ፍልስፍና ማን ጠየቀሽ? የሰጠሁሽን በይ» አልኩሽ። አዋቂ መሆኔ ነበር!

ጎንደር የሆነውን የምታውቂው ግማሹን ብቻ ነው። እናንተ ዛፉ ሥር ተቀምጣችሁ ስትጠብቁ ህንዳዊው ፈታኝ እኔን አስጠራኝ። ከጎኑ ማስታወሻ የሚይዝ ካድሬ ነበር። ፈታኙ ቁጡ ሰው አልነበረም። «የደባርቅ ልጆች ሁሉ አንድ መልስ መለሱልኝ። ሁሉም አንድ ቦታ ተነፈሱ» አለኝ፤ ሳቁን የያዘ ይመስል ነበር። ቀጥሎም «እርስዎ አስተምረዋቸው ከሆነ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ነገ ሌላ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። ካላስተማሯቸው ግን ጥያቄውን ሰርቀው ተቀባብለዋል ማለት ነው፤ ሁሉንም እሰርዛለሁ» አለ።

ካድሬው እስክሪብቶውን አነሣ። አስተምሬያቸዋለሁ ብል «ጥያቄው ከየት ደረሰዎት?» የሚለው መምጣቱ አይቀርም። በዚያ ሰሞን ከዚህ ባነሰ ነገር ገብተው ያልወጡ ስንት ሰዎች እንደነበሩ አንቺም ታስታውሻለሽ። ፈራሁ ልጄ። «እኔ አላስተማርኳቸውም» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናንተ ያላችሁበትን ዛፍ ላለማየት በጓሮ በር ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ባንዲራ ሲሰቀል የዐሥራ ሁለታችሁ ስም ኮራጅ ተብሎ ተነበበ፤ እኔም ከመምህራኑ ጋር ተሰልፌ ሰማሁ። ቤት ስንገባ እግሬ ላይ ወድቀሽ «አባባ፣ አሳፈርኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አልሽኝ። እኔ ምን አልኩሽ? «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኩሽ! እግዜር ያሳይሽ፣ እኔ ነኝ አንቺን ይቅር ያልኩት። በወሩ ሳትሰናበቺኝ በጭነት መኪና ሊማሊሞን ወረድሽ። ያን ቀን እንኳ ለጎረቤቱ ሁሉ ዘመድ ጥየቃ ሄደች አልኩ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ነገሩን ሁሉ ተናገርኩ። «ያለፈ ነገር ነው ጓድ ደምለው፤ ሰነዱም የት እንደገባ አይታወቅም» አለና ወረቀቱን ማገላበጡን ቀጠለ። ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘበትም። እንዲህ ተቃልሎ ለሚያልፍ ነገር ነው አንቺን የሸጥኩሽ።

አንደበትሽ ከንቱ አይደለም፤ የጣለሽም እሱ አይደለም። ከእኔ ዘንድ የሚላክ መልስ የለም። ሲጠይቁሽ ጊዜ ወስደሽ የልብሽን ንገሪያቸው። ሰዋስውሽ ቢሰበርም ይሰበር፤ ስሕተቱም የራስሽ ይሁን። ብትወድቂ እንኳ በእኔ አፍ አትውደቂ።

አለነ መኪናው ሊነሣ ነው እያለ በር ላይ ቆሞ ይጣራል። ይህን ካነበብሽ በኋላ ብትጽፊልኝ እንደገና እልል እላለሁ፤ ዝም ብትዪኝም አልፈርድብሽም። የደረስጌዋ ማርያም በሰው አገር ሞገስ ትሁንሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን፤ ጎንሽን የሚደግፍ ሰው አትጪ። አሜን።

ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፣

አባትሽ ደምለው