በድንኳኑ ያላነበብክልኝ ገጽ

ውድ ቃለጽድቅ፣

ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ውቤ በረሃ ድረስ ዛሬ ከእኔ የሚፈጥን አንባቢ የለም። የሱቅ ስም በለው፣ የታክሲ ታፔላ በለው፣ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ በለው፣ ዓይኔ ካረፈበት አያመልጠኝም። እሺ፣ ድልድዩ ጋ የሚቆመው ሎተሪ አዟሪ ይፈጥነኛል። ሌሎቹን ደግሞ ገና አልገጠምኳቸውም። ታፔላውንም ቢሆን መኪናው ቆሞ ከጠበቀኝ ነው። ግን አነባለሁ። እጽፋለሁም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ፈቀደ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። ወረዳው በር ላይ ተቀምጠህ ለስንቱ ባለጉዳይ ማመልከቻ ስትጽፍ የኖርክ ሰው፣ የእኔን እጅ ጽሑፍ ስታይ ልብህ ድንግጥ እንደሚል አውቃለሁ። ይበል።

ባለፈው ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት የምናገረው አጥቼ አይደለም። እኔ የምናገረው አጥቼ አላውቅም። በአፍ አንተን የሚችል ስለሌለ ነው። ወረቀት ላይ ግን አሁን እኩል ነን። ስለዚህ ቁጭ በልና አንብብ። እንዳለ አንብብ። አትጨምርበት።

የአባቴን ሰልስት ታስታውሳለህ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ታክሲው፣ ላዳዋ፣ ከድንኳኑ አጠገብ ቆማ ነበር። የቀብሩን ወረቀት ፍለጋ ገብቼ ከመሪዋ ሥር ካለው ኪስ አንድ ሰማያዊ ደብተር አገኘሁ። የአባቴ ጽሑፍ መሆኑን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም ነበር፤ እንደ ሰውየው ቀጥ ያለ፣ ፈገግታ የሌለው ጽሑፍ ነው። ጋሽ ከተማ አርባ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ለእኔ የተናገረው ሁሉ ቢሰበሰብ ያንን ደብተር አይሞላም። ከሁለተኛ ክፍል ሸሽቼ መኪና አጣቢ ከሆንኩበት ቀን ጀምሮ «ልጄ» የምትባል ቃል ከአፉ አልወጣችም። «አንተ» ነበርኩ። እንግዳ ካለ ደግሞ «ይሄኛው»።

እና ያን ደብተር ሳገኝ ሮጬ የመጣሁት ወደ አንተ ነው። «ቃሌ፣ አንብብልኝ! አባቴ የጻፈልኝ ነገር አለ!» አልኩህ። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ መናገር መቼ አውቅና፣ ድንኳኑ በሙሉ ሰማ። የዕድሩ ሊቀመንበር ሳይቀሩ «እስቲ ይነበብ» አሉ።

ገለጥክ። አየህ። እኔን አየህ። እንደገና ደብተሩን አየህ። መነጽርህን አውልቀህ ጠረግህ። እኔ ሞኙ እንባ መስሎኝ! ከዚያ በዚያ ለባለጉዳይ በምታነብበት ድምፅህ እንዲህ አልክ፦

«ልጄ ፈቀደ፣ በአንደበቴ ባልነግርህም የጀርባዬ አጥንት አንተ ነህ። ይህችን ላዳ ለባዕድ አሳልፈህ አትስጥ። መሪዋን ስትጨብጥ የእኔን እጅ እንደጨበጥክ ቁጠረው።»

ሌላም ብዙ ነበር፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። ሴቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ። እኔም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለቀስተኛውን በቀልድ ሳስተናግድ ቆይቼ፣ ያን ጊዜ ነው የተንሰቀሰቅኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አንተ ከማንም በላይ ታውቃለህ። ፒያሳ ላለው ሰዓሊ ወስጄ የኋላ መስታወቷ ላይ «መሪዋ የአባቴ እጅ ነው» አስጻፍኩ። አንተ ከጎኑ ቆመህ «እዚህ ጋ ትንሽ ደመቅ አድርጋት» ስትለው ነበር። የታክሲ ማኅበሩ አሮጌ ላዳዎቻችንን በአዲስ መኪና ሲያስለውጥ አብሮኝ የሚነዳው አቡበከር ለወጠ፣ ሁሉም ለወጠ። እኔ ደረቴን ነፍቼ «ኑዛዜ አለብኝ» ብዬ ቀረሁ። ተናኘወርቅ ስንት ሳምንት አኮረፈችኝ፤ የገዛ ሚስቴ ከአሮጌ ላዳ ጋር ተጣልታ ነበር እኮ። አንተስ ማኪያቶህን እያማሰልክ ምን አልከኝ?

«ልክ ነህ ፈቄ። የሟች ቃል አይታጠፍም።»

የሟች ቃል! የየትኛው ሟች? ቄሱ ቃለጽድቅ ብለው ስም ያወጡልህ ቀን ቀልድ አምሯቸው ነበር መሰለኝ።

ቤትህ ለልማት ፈርሶ ወደ ገላን ከሄድክ ወዲህ የሚያነብልኝ ሰው አጣሁ። ለዚህ ነው አምስት ኪሎ የማታ ትምህርት የገባሁት። ስነግርህ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። «በዚህ ዕድሜህ ምን ያደርግልሃል? ስልክ አለ፣ እኔ አለሁ» አልክ። በሳምንቱ ደግሞ ደውለህ «ያ ደብተር እየተበላሸ ነው፣ ስጠኝና አስጠርዤ ላምጣልህ» አልክ። ከመኪናዋ አይወጣም ብዬ እምቢ አልኩህ እንጂ ዛሬ የት ይገኝ ነበር? ድንኳን ውስጥ ያደረግከውን፣ ሰው ከቦህ ነው፣ ጨንቆህ ነው ልበል። ይህችኛዋን ግን ምን ልበላት? ማንም አልከበበህም። ብቻህን ቁጭ ብለህ አስበህበት ነው። እኔ ደንቆሮ ሆኜ እንድቀር ፈለግክ።

እንዴት ነቄ እንዳልኩ ልንገርህ። ቲቸር እፀገነት «ከቤታችሁ የተጻፈ ነገር አምጡና ፊት ወጥታችሁ ታነባላችሁ» አለችን። አንዱ የመብራት ደረሰኝ አመጣ። ድልድዩ ጋ ቅመም የምትሸጠው ጁወይሪያ የልጇን የክትባት ካርድ አመጣች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስፎክር ሰነበትኩ። «መሐረብ ይዛችሁ ኑ፣ የእኔው ያስለቅሳል!» መጀመሪያውን በልቤ ስለማውቀው ደብተሩን ቀድሜ እንኳ አልገለጥኩትም።

ወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ «ልጄ ፈቀደ፣ በአንደበቴ...» ስል ቲቸር ከጎኔ መጥታ ደብተሩን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«ጋሽ ፈቀደ፣ በቃል አይደለም። የተጻፈውን።»

ጣቴን ፊደሉ ላይ አስቀመጥኩ። «የ... ሞ... ተ... ር... የሞተር። ዘ... ይ... ት።» ጣቴን ገፋ አደረግሁ። «የሞተር ዘይት ስለ... መ... ቀ... የ... ር።»

«ውይ አባትህ!» አለች ጁወይሪያ ሳቋን በነጠላዋ አፍና፤ «የተናዘዙት ላንተ ነው ለሞተሩ?»

ክፍሉ ፈነዳ። ቃሌ፣ እኔ አራዳ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስቅ ነው የኖርኩት። በእኔ ሲሳቅ ያን ቀን ገና አየሁ። አብሬ ሳቅሁ፤ የሳቀው ግን ጥርሴ ብቻ ነው። በእረፍት ሰዓት ወጥቼ ደወልኩልህ። ደብተሩ ላይ ያለው ዘይት መሆኑን ነገርኩህ። ከዚያ የመለስክልኝን እንደነበረ እጽፈዋለሁ፦

«ፈቄ፣ ሰው ሁሉ አፌን እያየ ነበር። አንተም እያየኸኝ ነበር። በዚያ ፊትህ ላይ ዘይት ላንብብ?»

«አዎ! ዘይት!» ብዬ ዘጋሁብህ።

ቤት ገብቼ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩት። ንባብ አትበለው፤ የራሴን ስም ነበር የማድነው። ምናልባት የሆነ ገጽ ላይ እውነቱን ደብቆልኝ ይሆናል ብዬ። የፈን ዘር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ፍሬን። ፊልትሮ። ፍሪሲዮን። እንደገና ፊልትሮ። ፈቀደ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ገዝቼ ላዳዋን በራችን ላይ ሜዳማው ቦታ አቆምኳት። ታውቃለህ፣ እኔ ዘይት ቤት ወስጄ አስቀይሬ እንጂ ከሥሯ ገብቼ አላውቅም። ነጂ ነኝ፣ መካኒክ አይደለሁም። ግን አባቴ የተወልኝ ይህ ብቻ ከሆነ ይህንኑ ልውሰድ አልኩ። ጎኑን የቆረጥኩትን ጀሪካን ይዤ፣ ደብተሩን ደረቴ ላይ አድርጌ በጀርባዬ ገባሁ። አቡበከር በአዲሷ መኪናው ሲያልፍ ቆመና መስኮቱን አወረደ።

«ፈቄ! ላዳ ሥር ገብተህ ታጠናለህ እንዴ? ፈተናው መቼ ነው?»

«አሁን ነው።»

«እንዳትወድቅ!»

«ተኝቼ ነው የምፈተነው፣ ወዴት እወድቃለሁ?»

እየሳቀ ሄደ። እኔ አነበብኩ። ቃል በቃል ነው የምገለብጥልህ። «ሞተሩን አስነሳና ሞቅ ይበል፤ የሞቀ ዘይት ቶሎ ይወርዳል። ከዚያ አጥፋው። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ድንጋይ ደግፍ።» ይህን ሁሉ በልኩ አድርጌያለሁ። ቀጥሎ «ከሥር ያለውን ቡሎን ወደ ግራ ፍታ፤» ይላል። እኔ አንድ ነገር ባነበብኩ ቁጥር የምሠራ ሰው ነኝና መፍቻውን ይዤ ፈታሁ። የሚቀጥለውን ገና እየቆጠርኩ ነው፣ እ... ጅ... ህ... ን... ያ የጋለ ጥቁር ዘይት በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ክንዴ ወረደ! ጮህኩ። ግንባሬ ከላዳዋ ሆድ ጋር ተላተመ። ቡሎኑ ጀሪካኑ ውስጥ ሰጠመ። ዘይቱ እየወረደ፣ እኔ በአንድ እጄ ደብተሩን ይዤ የቀረውን ጨረስኩ፦ «እጅህን አርቅ ልጄ፤ ያቃጥላል።»

ዘይቱ ቀጥኖ ክር እስኪያክል፣ ከዚያ ጠብታ እስኪሆን እዚያው ተኝቼ ቀረሁ።

የቀረውን መጀመሪያ እስከ ታች አንብቤ ነው የሠራሁት። ቡሎኑን ከዘይቱ ውስጥ ለቅሜ፣ ጠርጌ መለስኩ። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ ዘይት ቀብቼ በእጄ ብቻ አጠበቅሁ። ሞላሁ፣ መለኪያ ዘንጉን ሁለት ጊዜ አየሁ፣ አስነሳኋት። እንደ አዲስ መኪና ዘመረች ልልህ ነበር። አልዘመረችም፤ ያው ላዳ ናት። ግን አንዲት ጠብታ መሬት አልጣለችም። የመስታወቱንም ጽሑፍ በዚያው ቀን በምላጭ ፋቅሁት።

ቃሌ፣ የሚያንገበግበኝ አዲስ መኪና ማጣቴ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ በአባቴ ቃል ስኮራ፣ አንተ ከጎኔ ተቀምጠህ የገዛ ድርሰትህን ስታዳምጥ ነበር። በእኔ እንባ ላይ ደመቅ አድርጋት ስትል ነበር። አባቴን ሁለተኛ ቀበርኩት፣ ያውም ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቀስተኛ። የሚቀብርልኝ ጓደኛም አጣሁ፤ ቀባሪዬ አንተ ነበርካ።

አሁን ከአንተ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ያን ቀን ያነበብከውን ሁለት ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍና ላክልኝ። እኔ ሦስት መስመር ብቻ ነው የያዝኩት፤ የቀረው ጠፍቶብኛል፤ ከአንተ በቀር የሚያውቀው የለም። ከታች ስም ጻፍበት። የአባቴን አይደለም፣ የራስህን። እስኪደርሰኝ ድረስ ወደ ፒያሳ አትምጣ። ሲደርሰኝም ና ልበልህ አልበልህ አላውቅም። ራሴ አንብቤው እወስናለሁ።

ፈቀደ ከተማ
በአሻራው ሳይሆን በእጁ የፈረመ

አንድ ነገር ቀርቷል። ከደብተሩ የገለበጥኩልህ ሁሉ እንዳለ ነው፣ አንዲት ቃል ስትቀር። የአባቴ ጽሑፍ «እጅህን አርቅ፤ ያቃጥላል» ነው የሚለው። «ልጄ» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ።