ዝም ያለችው ድመትዎ

ውድ አባባ፣

ይህን ወረቀት ሾፌሩ ደመላሽ በሚኒባሱ አምበር ድረስ ያመጣልዎታል። ስልክ ስደውል «ተመስገን» ብለው ቶሎ ለወንድሜ ለክንዴ ስለሚሰጡት ነው መጻፌ።

ትናንት ክንዴ በዘንቢል ያመጣት ድመትዎ ተርፋለች። ሆዷን ከፍተን ሞቶ የቀረባትን ግልገል አወጣንላት። እኔን የጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከማደንዘዣው ስትነቃ ጥግ ይዛ ኩርምት አለች። አብሮኝ በእንስሳት ክሊኒኩ የሚሠራው ምስጋናው በሬና በቅሎ ሲያክም የኖረ ሰው ነው፤ «ዝም ካለችማ ደህና ናት፤ ቢያማት ትጮህ አልነበር?» አለኝ።

ልቤ አልረጋ አለ። ጎንበስ ብዬ ፊቷን አየሁት። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ተዘርግተዋል፣ ዐይኖቿን ጨፈን አድርጋለች፣ ጢሟ ቀጥ ብሏል፣ ራሷን ከትከሻዋ በታች ደፍታለች። ድመት አብዛኛውን ጊዜ ሲያማት አትጮህም፤ ሕመሟን የምንለካው እንዲህ ፊቷን እያየን ነው። የሰው ማስታገሻ እንዳልሰጣት ይገድላታል። ለእሷ የሚሆነውን ስፈልግ መሳቢያውን ሁሉ ገለበጥኩት። አግኝቼ ወጋኋት። ቆየት ብላ ጆሮዋ ቀና አለ፣ ዐይኗም ተከፈተ። እኔ ግን እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ያለቀስኩት ለእርስዎ ነው፣ አባባ። ሰሞኑን ኦፕራሲዮን የሆኑ ጊዜ ነርሷ «ያምዎታል?» ስትልዎት «ተመስገን» አሉ፤ አመነችዎት። ጋቢዎን በጡጫዎ መጨበጥዎን እያየሁ እኔም አመንኩ። ትናንት ክንዴ ምን አለኝ መሰለዎት፦ «አባባ ወደ ግድግዳ ዞረው ነው የሚውሉት፤ እህልም አይቀምሱ። አመመኝ ግን አላሉም። ድመቷን እንኳ ‹ይቺ ፍጥረት አሟታል፣ ቶሎ አድርሳት› ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

የድመቷን ሕመም ያወቁላት እርስዎ ነዎት፤ የእርስዎን ያወቀ ሰው የለም። ቁስሉ አመርቅዞ እንደሆነስ እያልኩ ሥራ መያዝ አቅቶኛል።

ደመላሽ ከሰዓት ይመለሳል። የፊቱን ወንበር ለእርስዎ አስይዣለሁ፤ ሐኪሙንም አነጋግሬዋለሁ። «አመመኝ» ማለት ካልሆነልዎት አይበሉ። ጎረቤት ከጠየቀዎት «ድመቴን ላመጣ ነው» ይበሉ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ስንገናኝም ምንም አልጠይቅዎትም፤ ፊትዎን ብቻ አያለሁ።

ልጅዎ የኔአለም
ከደብረ ማርቆስ