የእማማ ጠርዝ

ኅዳር 3

እማማ ከምግብ ጠረጴዛው ጥግ ጋር ተጋጭተው ወደቁ።

ኅዳር 4

ዳሌያቸው ጠቁሯል፤ አጥንት ግን አልተነካም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሲወድቁ የመጀመሪያቸው ነው። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት።

ትልቋ ዋርሳዬ፣ የሚስቴ እህት፣ ደወለች። ቤቴ ሰፊ ነው፣ ሠራተኛም አለችኝ፣ እናቴን ልውሰዳት አለች። ሚስቴ ስልኩን ዘግታ የታጠበ ሳህን መልሳ አጠበች። እማማን የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም… ከእሳቸው ሌላ በዚህ ቤት ማን ይሰድበኛል?

የቤቱ ዕቃ ሁሉ የእጄ ሥራ ነው። ጥጉ ሁሉ ስለት።

ኅዳር 6

የእንጨት ጠርዝ ለምትቀርጸው ማሽኔ፣ ለራውተሯ፣ ፑንታ የሚሉትን ተገጣሚ ስለት ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቁን ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል፤ የት እንዳመመህ ሳይጠይቅ አይሸጥም። ዓይኔ ያረፈው ሙሉው የፑንታ ሳጥን ላይ ነበር፤ ቀይ ከፋይ ላይ ተደርድረው ሲያብረቀርቁ። ክዳኑን ዘጋብኝ። ከዚህ ሁሉ ሁለቱን ትሠራባቸዋለህ፣ የቀረውን ዝገት ይበላዋል አለ። ጠርዝ የሚያድቦለቡል አንድ ትልቅ ፑንታ ሰጠኝ፤ ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ኩሺኔታ ያለው። ኩሺኔታው እንጨቱን ተደግፎ ስለሚሄድ እጅህ ቢንቀጠቀጥም አይስትም አለኝ። እጄ እንደሚንቀጠቀጥ ማን ነገረው?

ኅዳር 9

ጨረስኩ። ጠረጴዛው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ… ሁሉም ድቡልቡል። ሰጋቱራ ጆሮዬ ሳይቀር ገብቷል። ሚስቴ በመዳፏ ዳሰሰችና ሳሙና አስመሰልከው አለች። ደስ ብሏታል።

እማማም ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱ። ስድቡ የት ሄደ?

ኅዳር 11

ኮሪደሩ መሃል ቆመው አገኘኋቸው። እጃቸው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ይሄ ጠረጴዛው ነው አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቁም።

«ጠረጴዛው ይቆረቁር ነበር። ቁም ሳጥኑ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ነበረው። አግዳሚው ሸካራ ነበር። በዚያ ነበር የት እንዳለሁ የማውቀው። አሁን ሁሉም አንድ ሆነብኝ… ቤቱን አስረሳኸኝ፣ ልጄ።»

ታዲያ ያን ቀን ለምን ወደቁ? ስጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሚስቴ ወለሉን ስትወለውል ጠረጴዛውን ገፋ አድርጋ ሳትመልሰው ረስታው ነበር። ለምን አልነገሩንም? ልጄን በእህቷ ፊት ላሳጣት እንዴ አሉ።

ያን ሁሉ ስለካ፣ ስመርጥ… አንድ ጥያቄ መጠየቅ እንዴት አቃተኝ?

ኅዳር 12

ከክፍላቸው አልወጡም። ምሳ አልጋቸው ድረስ ሄደላቸው። ዋርሳዬ ቅዳሜ መጥታ ልትወስዳቸው ነው፤ ልብሷን አዘጋጁ ብላለች። ሚስቴ ሻንጣውን አወረደች። ከፈተችውና ባዶው ሻንጣ ፊት ተቀመጠች።

ኅዳር 13

ሄጄ ለሐኪሙ ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ያሉትን ፑንታዎች አንድ በአንድ ቁርጥራጭ እንጨት ላይ ሞከረልኝ፤ ሰያፍ፣ ቦይ ያለው፣ ደረጃ ያለው። አንዱን እኔ ሞከርኩት።

ቁርጥራጮቹን እማማ ጭን ላይ ዘረገፍኩ። በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ዳሰሷቸው። ቦይ ያለው ለጠረጴዛው፣ ደረጃ ያለው ለቁም ሳጥኑ፣ አግዳሚው እንደ ተድቦለቦለ ይሁን አሉ። የመጨረሻው ቁራጭ ላይ ቆሙ።

«ይሄን የሠራው ጠጥቶ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው የራስህ አልጋ ላይ አድርገው።»

ሚስቴ ኮሪደሩ ላይ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ጠረጴዛውና ቁም ሳጥኑ ትናንት አለቁ። ያድቦለቦልኩትን ጠርዝ በመጋዝ ቆርጬ እንደ አዲስ ነው የሠራሁት። ጠረጴዛው ትንሽ ጠቧል… ማን ያያል?

ዛሬ እማማ ብቻቸውን ከክፍላቸው ወጡ። ቁም ሳጥኑን ዳሰሱ፣ ወደ ግራ ዞሩ፣ ጠረጴዛው ጋ ደረሱ፣ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ዋርሳዬ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። አልተረታችም። መኪናው እየጠበቀ ነው፣ ተነሺ እንጂ እማዬ አለች።

«ይጠብቅ። ሻይ አፍልተሽ ጠጪ። እኔና አማቼ ፑንታ ልንገዛ ነው።»

የቀረው የመታጠቢያ ቤቱ በር መቃን ነው። የእሱን በቁርጥራጭ አልመርጥም፣ ሱቁ ድረስ ሄጄ ነው ብለዋል። ሐኪሙን እግዜር ይርዳው።

ዋርሳዬ ከሚስቴ ጋር ማድቤት ገብታለች። የሻይ ጀበናውን ሲከራከሩበት ይሰማኛል። እማማ ጫማቸውን አድርገው በሩን ራሳቸው ከፍተዋል። ኮቴን እንደ ለበስኩ፣ ቆሜ ነው የምጽፈው። ከደጅ እየጠሩኝ ነው፤ ምን ይንቀረፈፋል ይላሉ። ወጣሁ።