ማሽኑ ያላነበበው ወረቀት

ሚያዝያ 11 ቀን 1977
ቢቸና። የሞጣ ልጆቻችንን ማትሪክ ላስፈትን መጥቼ ሁለተኛ ቀኔ። ዛሬ ሒሳብ ነበር። እትዬ ፈንታነሽ ልጃቸውን ደምለውን ተከትለው ከሞጣ ድረስ መጥተዋል። ጭንቅላቱ እንዳይግል ብለው ጠዋት አናቱን ቅቤ ቀብተውት! ልጆቹ ሳቁበት። ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤው ቀልጦ መልስ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።
"ቲቸር፣ ምን ላድርግ?"
"ጥረገው" አልኩት። ትርፍ የመልስ ወረቀት እጄ ላይ ነበር...

ነሐሴ 27
ውጤት መጣ። ደምለው፦ ፊዚክስ ኤ፣ ሒሳብ ኤፍ። እሱ? ሒሳብ? ሊሆን አይችልም።
ከዚያ ቅቤው ትዝ አለኝ። የሚያርመው ማሽን ነው ይባላል። ማንበብ ሲያቅተው ምን ያደርጋል? አቃተኝ ይላል? ወይስ ዝም ብሎ ኤፍ?
ያለ ሒሳብ ዩኒቨርሲቲ የለም። ዩኒቨርሲቲ ካልገባ ደግሞ ውትድርና። ቀበሌው ስሙን መዝግቧል።

ጳጉሜን 2
ለአዲስ አበባ ደብዳቤ ጻፍኩ። ዳይሬክተራችን ጋሽ ወልደ ኪዳን "የመንግሥት ማሽን ተሳሳተ ልትል?" አሉኝ። ፈረሙ ግን።

መስከረም 22 ቀን 1978
መልስ። "በማሽን የታረመ ስለሆነ ስሕተት የለበትም።" በቃ።
እንደገና ጻፍኩ። አሁን ቅቤውንም፣ ጥረገው ማለቴንም።

ጥቅምት 14
ምንም የለም። እትዬ ፈንታነሽ መጡ። "መምህር፣ ይድረሱልኝ። ከእርስዎ በቀር ማን አለኝ?" ምን በእጄ አለ?

ኅዳር 6
ወሰዱት። የወታደር መኪናው፣ አይፋው ላይ ሆኖ "ቲቸር፣ ደብዳቤው ሲመጣ ያስቀምጡልኝ" አለኝ። እየሳቀ። ቆሜ ከማየት ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ታኅሣሥ 19
መጣ። "ወረቀቱን ቅባት ስለነካው ማሽኑ አላነበበውም። በእጅ ሲታረም ኤ ሆኗል። ከመጪው ፈተና ጀምሮ ማሽኑ ማንበብ ያቃተው ወረቀት ኤፍ ሳይሰጠው ተለይቶ እንዲወጣ ተደርጓል።"
ለእትዬ ፈንታነሽ ይዤላቸው ሄድኩ። ልጃቸው የት እንዳለ እስካሁን አያውቁም። ኤውን ስነግራቸው እልል ሊሉ ጀምረው አፋቸውን ያዙ።
"ታዲያ ያኔ ምን ሆኖ ነው የጣሉት?"
ጣቴን "ቅባት" የሚለው ላይ አድርጌ ነበር። ማንበብ አይችሉም እኮ... ለምን ሸፈንኩት?
"እንጃ" አልኳቸው። "ምክንያቱን አልጻፉም።"